ክብርዎን ሳይጥሉ በእግር የመሄድ ዘዴ

በእግር መሄድ ለጤና እንደሚበጅ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ደም ግፊት ያለበት ያውቃል፤ ስኳሩ ከፍ ያለበት ያውቃል፤ የሱሪው ቁልፍ አልገጥም ያለውማ ከሁሉም አብልጦ ያውቃል። «ታዲያ ለምን አይሄዱም?» ሲባል ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ጊዜ የት አለና!» ይህን መልስ ለረጅም ጊዜ በአክብሮት ስንቀበለው ኖረናል። ይሁንና መልሱን የሚሰጠን ሰው ብዙውን ጊዜ የታክሲ ሰልፍ መሐል ቆሞ የፊተኛውን ሰው ማጅራት ሲያጠና ያመሸ መሆኑን ስናስተውል፣ ነገሩ ሌላ ምርመራ እንደሚያሻው ገባን።

ምርመራውም ተጠናቀቀ። ጊዜስ ሞልቷል፤ ሰዉን የያዘው ክብሩ ነው። በዚህ ከተማ አንድ ደልደል ያለ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ ከሦስት ነገር አንዱ ደርሶበታል ማለት ነው፤ ወይ ገንዘብ አጥሮታል፣ ወይ መኪናው ተበላሽቶበታል፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቶ ወጥቷል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። እውነት ነው፤ እንቁላሉ የተሳካለት ግን «ምነው በእግርህ?» የሚል ጎረቤት ስላልነበረው ነው። እርስዎ ጎረቤት አለዎት። ስለዚህ የሚከተሉት ምክሮች የተዘጋጁት ስምዎን ለመጠበቅ ነው። እግርዎ እንደሆነ ሥራውን ከሕፃንነትዎ ጀምሮ ያውቅበታል።

አንደኛ፦ ቁጥሩን ይወቁ፣ ለሰው ግን አይንገሩ

ስልክዎ በቀን 10,000 እርምጃ ካልሄዱ ይታዘብዎታል። ቁጥሩ ከደብረ ሲና በጽላት ተቀርጾ የወረደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የወረደው ግን ከጃፓን ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክን አስተናገደች፤ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ይዞልን የመጣው ከዚያ ነው። ጃፓኖች በኦሊምፒኩ ስሜት ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ማውራት አብዝተው ሳለ፣ በዓመቱ አንድ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ሠርቶ 10,000 የሚለውን ቁጥር የዕቃው መጠሪያ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። ቁጥሩ ድፍን ነው፤ ለአፍ ይመቻል፤ ለማስታወቂያም ያምራል። ሳይንሱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ወደ 17,000 የሚጠጉ ሴቶችን አሜሪካ ውስጥ የተከታተለ ጥናት፣ በቀን 4,400 ገደማ እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ በጥናቱ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘው። ከ7,500 ገደማ በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አልታየም።

ይህን መረጃ በጥንቃቄ ይያዙት። 10,000 የተከበረ ቁጥር ነው፤ «አልቻልኩም» ቢሉ ማንም አይፈርድብዎትም። 4,400 ግን ከቤት እስከ ፌርማታ፣ ከፌርማታ እስከ ቢሮ፣ ከቢሮ እስከ ምሳ ቤት ደርሶ መልስ ሲደመር ብዙው የሚገኝ ነው፤ እሱን «አልቻልኩም» ማለት ያሳፍራል። ሰበብዎን የሚወዱት ከሆነ 10,000ን አጥብቀው ይያዙ።

የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እርምጃ አይቆጥርም። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። 150ን ለሰባት ቀን ያካፍሉት፤ በቀን 22 ደቂቃ ገደማ ይደርስዎታል። መካከለኛ የሚባለው ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ፍጥነት ነው። ዘፈን የማይሆንልዎ ከሆነ በሐሜት ይለኩት። ሐሜቱ ትንፋሽ እያጠረው ሳይቋረጥ ከቀጠለ ፍጥነትዎ ልክ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ትንፋሹ ከሌላው አገር ቀደም ብሎ ያጥራል። ይህንንም ለሰበብ ያስቀምጡት።

ሁለተኛ፦ ልብስዎ ይናገርልዎ

ሱፍ ልብስና ጥቁር ጫማ አድርጎ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሩ የሄደ ሰው «ምን አግኝቶት ይሆን?» ይባላል። ያው ሰው ያንኑ መንገድ በቱታና በስኒከር ቢሄደው «ራሱን የሚጠብቅ ሰው ነው» ይባላል። ልዩነቱ ከወገብ በታች ያለው ጨርቅ ነው። ስለዚህ ቱታ ይግዙ። ጆሮ ማዳመጫ ይሰኩ፤ ምንም ባይሰሙበት ችግር የለውም። በእጅዎ የውሃ ፕላስቲክ ይያዙ፤ ውሃ የያዘ ሰው በገዛ ፈቃዱ እንደሚሄድ ከሩቅ ያስታውቃል። ወጪው ለብዙ ወር ታክሲ የሚበቃ ሊሆን ይችላል፤ ክብር ድሮም ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

የበለጠ መከበር ከፈለጉ እንጦጦ ይውጡ። በእግር አላልንም፤ በመኪና። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ተከፍቶልዎታል። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጥድና ባሕር ዛፍ እያሸተቱ ከተራመዱ በኋላ እንደገና በመኪና ይወርዳሉ። በመንገድዎ ላይ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሙዎት ይሆናል። የእነሱ እርምጃ ከእርስዎ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ቱታ ስላልለበሱ ግን «ስፖርት ይሠራሉ» የሚላቸው የለም። ሱቅ በደረቴውም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ቆሎ ሻጯም እንዲሁ ናቸው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ ነው። ብዙኃኑ የሚያደርገውን ነገር እርስዎ ሲያደርጉት ብርቅ እንዲመስል ከፈለጉ ያለ ስኒከር አይሞከርም።

ሦስተኛ፦ ለወዳጅ መኪና ይዘጋጁ

ዝናብ ያባራል፤ ወዳጅ አያባራም። ገና መንገድ ከመጀመርዎ አንድ መኪና አጠገብዎ ቀጥ ይላል።

«ጋሼ! ምነው በእግርዎ? መኪናዋ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። እንዲሁ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«በሞቴ ይግቡ! ላድርስዎት።»

«ግድ የለም ልጄ፣ ቅርብ ነኝ።»

«እኔ እያለሁማ አይሆንም! ሰውስ ምን ይለኛል?»

ልብ ይበሉ፤ እሱም የሚጨነቀው ለክብሩ ነው። ከኋላ ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ትራፊክ ፖሊሱ ዞር ይላል፤ እርስዎም ይገባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ከባድ ስህተት ይሠራል፤ «ሐኪም አዝዞኝ ነው» ይላል። ይህን ከቶ አይበሉ። ማታውን ሰፈሩ ስኳር እንዳለብዎ ይሰማል። በማግስቱ ብርቱካንና ሙዝ የያዙ ሰዎች በር ያንኳኳሉ፤ አንዷ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አጎቷ በዚሁ በሽታ ጣታቸው እንዴት እንደተቆረጠ በዝርዝር ታወጋለች። በሦስተኛው ቀን የዕድሩ ጸሐፊ መዋጮዎ ያልተጓደለ መሆኑን ለማየት መዝገቡን ያገላብጣል።

ትክክለኛው መንገድ መግባትና ቶሎ መውረድ ነው። «እዚህ ጋ የምገዛት ነገር አለች» ይበሉና ከመጀመሪያው ሱቅ በር ላይ ይውረዱ። ወዳጅዎ ግዴታውን ተወጥቷል፤ እርስዎም መንገድዎን ይቀጥላሉ። ሰላምታው ይደርሰዋል፣ እርምጃው ይደርስዎታል።

አራተኛ፦ «ወራጅ አለ!» ለማለት ይድፈሩ

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን የልብ ጤና መርምሮ አሳተመ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ሁለቱ የሚተነፍሱት አየር አንድ፣ የሚሠሩበት መኪና አንድ፣ መንገዳቸውም አንድ ነው። የልብ በሽታ ግን ትኬት ቆራጮቹን ከሾፌሮቹ ይልቅ አልፎ አልፎ ነበር የሚጎበኛቸው። ስለ እንቅስቃሴና ስለ ልብ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር ከዚያ ደረጃ የተነሣ ነው።

የእኛ ረዳት ከዚህ ጥናት ብዙም አይጠቀምም። ሚኒባስ ፎቅ የለውም፤ ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ስለሚውል የሚበረታው ሳንባው ነው። እርስዎ ግን መጠቀም ይችላሉ። መድረሻዎ አንድ ፌርማታ ሲቀረው «ወራጅ አለ!» ይበሉ። የሚገጥምዎትን እንንገርዎ። ረዳቱ «ገና ነው እኮ አባቴ፣ ስታዲየም አላሉም እንዴ?» ይላል። ተሳፋሪው ሁሉ ያይዎታል። አንዲት ሩኅሩኅ ሴት «መንገዱ ጠፍቷቸው ነው፣ አሳያቸው እንጂ» ትላለች። ሒሳብ ከፍለው ሲያበቁ የተከፈለበትን መንገድ በእግር መሄድ በዚህ ከተማ ገና ያልተለመደ ኪሳራ ነው።

መውጫው ስልክ ነው። ስልክዎን ጆሮዎ ላይ ያድርጉና «አዎ፣ አዎ፣ ደርሻለሁ፣ እዚያው ጠብቂኝ» እያሉ ይውረዱ። ቀጠሮ ያለው ሰው የትም ቢወርድ ይከበራል። ስልኩን እንዳያወርዱት፤ ስናወራ መንጎራደድ ስለምንወድ በዚያው ጥቂት መቶ እርምጃ ያተርፋሉ።

አምስተኛ፦ ልጁን ማረፍ ያስተምሩት

በየቤቱ እርምጃችንን የሚሄድልን ሰው አለ። ጨው ሲያልቅ ልጁ ይላካል፤ ዳቦ ሲያስፈልግ ልጁ ይላካል፤ ልጁ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ሽንኩርት መረሳቱ ይታወሳል። ቢሮ ስንገባ ደግሞ ተላላኪዋ አለች፤ ሻዩም፣ ወረቀቱም፣ ፊርማውም በእሷ እግር ይመጣል። ልጁና ተላላኪዋ ቀጭን የሆኑበትን ምክንያት የሚመረምር ጥናት አያስፈልገንም።

ከዛሬ ጀምሮ ሱቅ ራስዎ ይሂዱ። ባለ ሱቁ ሲያይዎት «ልጁ አመመው እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል፤ ያጽናኑት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። የ20/80 ቤቶች አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ዕጣ ወጥቶ አራተኛ ፎቅ ሲደርሳቸው ፊታቸውን ያጠቆሩ ሰዎች ሳያውቁት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የዕድሜ ልክ የስፖርት ቤት አባል ሆነዋል። ምድር ቤት የደረሳቸው ደግሞ ቢያንስ ጎረቤት ለመጠየቅ ይውጡ። የጄረሚ ሞሪስ ትኬት ቆራጮች ከዚህ የተለየ ነገር አላደረጉም።

ስድስተኛ፦ ጉዳይ ያስፈጽሙ

ጊዜ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ የእግር ጉዞ የለም፤ የሥራ ሰዓት ላይ የሚደረግ ነውና። አንድ ማስረጃ ለማውጣት ይወስኑ፤ ሁሉም ማስረጃ ያስኬዳል። መጀመሪያ ቢሮ ቁጥር 4 ይሄዳሉ። ቢሮ ቁጥር 4 ወደ 17 ይልክዎታል፤ 17 ሦስተኛ ፎቅ ነው። 17 ያለችው ልጅ «ፎቶ ኮፒው የታለ?» ትላለች። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከግቢው ውጭ፣ አስፋልት ተሻግሮ ነው። ሲመለሱ ጥበቃው እንደ አዲስ ይፈትሽዎታል፤ ክንድ ከፍ ማድረግም እንቅስቃሴ ነውና አይቃወሙ። ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። «ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ» ሲባሉ አይቆጡ፤ ሐኪሞችም የሚመክሩት በየቀኑ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ነው።

ይህ ሀብት ግን አደጋ ላይ ወድቋል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ከሶፋ ሳይነሱ መክፈል ተችሏል። የመብራቱ ሰልፍ ቀረ፤ የውሃው ሰልፍ ቀረ። የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባል መጥቶ በየፎቁ ተበትነው የነበሩ መስኮቶችን አንድ አዳራሽ ውስጥ ደርድሯቸዋል። በሰፊው ስንረግማቸው የኖርናቸው እነዚያ ኮሪደሮች ለካ ጤናችንን ይዘውልን ነበር። ስልክዎ ጉዳይ ሲጨርስልዎ እርምጃዎንም አብሮ ስለሚወስድ፣ ቢያንስ አንዲት ጉዳይ ለእግርዎ ያስቀሩለት። ዳቦ ይሁን፣ ጋዜጣ ይሁን፣ ለቅሶ መድረስ ይሁን፤ በየቀኑ በእግር ካልሆነ አልፈጽማትም የሚሏት አንዲት ጉዳይ ትኑርዎ። ይህኛውን ምክር ከሌሎቹ ለየት አድርገው ቢያዩት አንቀየምም።

ሰባተኛ፦ ትሬድሚሉን በልኩ ያክብሩ

ከእግር ጉዞ ሁሉ የተከበረው ትሬድሚል ላይ የሚደረገው ነው፤ ምክንያቱም የትም አያደርስም። የትም የማይደርስ ሰው ደግሞ «የታክሲ አጥቶ ነው» ተብሎ አይጠረጠርም። የመሣሪያው አባት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ኩቢት እ.ኤ.አ. በ1818 ለእስር ቤቶች የሠራው በእግር የሚረገጥ መንኮራኩር ነው። እስረኞች በቀን ለብዙ ሰዓት ይረግጡት ነበር፤ አንዳንዱ እህል ይፈጭበታል፣ አንዳንዱ ነፋስ ከመግፋት በቀር ምንም አይሠራም። ቅጣቱ እጅግ ጭካኔ የበዛበት ነው ተብሎ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቀረ። እስረኛው ግን ሲፈታ ያቆም ነበር፤ ወርኃዊ ክፍያም አይጠየቅም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቢሮ ወጥተው መኪና ይነዳሉ፤ መንገዱ ይዘጋጋል፤ ጂሙ በር ላይ ማቆሚያ ሲያጡ ይናደዳሉ፤ ሁለት መቶ ሜትር ርቀው ማቆም ግድ ስለሆነብዎ ቅሬታ ያቀርባሉ፤ በሊፍት ወደ አምስተኛ ፎቅ ይወጣሉ፤ ከዚያ ለመሄድ ይሰለፋሉ። ቀበቶው መሽከርከር ሲጀምር መብራት ይጠፋል። ይህን ጊዜ ተስፋ አይቁረጡ፤ ከታች ያለው አስፋልት መብራት አይፈልግም፤ ሰው ግን ስለሚያይዎት ፎጣዎን አንገትዎ ላይ ጣል ማድረግ አይርሱ።

ስምንተኛ፦ አጀብ ይፈልጉ

የክብር ጉዳይ የሚፈታው በብዛት ነው። ጥምቀትን ይመልከቱ። ከተማው ነቅሎ ወጥቶ ታቦታቱን እያጀበ፣ እየዘመረ፣ ፀሐዩን ችሎ ጃን ሜዳ ድረስ ይሄዳል፤ በማግስቱም እያጀበ ይመልሳል። ከአጃቢዎቹ መካከል በዚያው ሳምንት «ከቢሮ እስከ ባንኩ ይርቃል» ብለው ራይድ የጠሩ አሉ። የኢድ ሰላት ዕለትም ወደ ስታዲየም የሚጎርፈውን ሕዝብ «ምነው በእግራችሁ?» የሚል የለም። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰዉን 10 ኪሎ ሜትር ያስወጣዋል፤ ስሙ ሩጫ ሆነ እንጂ ከኋላ ያለው ባሕር የሚያክል ሕዝብ እየጨፈረ የሚራመድ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለግማሽ ቀን ለመኪና ሲዘጉም ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴውና ሊስትሮው እኩል አስፋልት ላይ ታዩ፤ ክብሩ የጎደለበት ሰው አልተገኘም።

ስለዚህ ብቻዎን አይሂዱ። ወደ እርስዎ አቅጣጫ የሚሄድ የሥራ ባልደረባ ይፈልጉና ከሥራ መልስ አንድ ሁለት ፌርማታ አብራችሁ ሂዱ። ሁለት ሰው ሲሄድ ወሬ ላይ ነው ይባላል፤ ሦስት ሰው ሲሄድ ስብሰባ ይመስላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የሰፉትን የእግረኛ መንገዶች ቤተሰብ ይዘው በማታ ይጎብኙ፤ ፎቶ ለመነሣት ብቻ የወጡትን እየዞሩ ያልፏቸዋል። ከኮሪደሩ ሲወጡ ግን ዓይንዎ መሬት ላይ ይሁን። ቆሞ ያደረ መኪና፣ የተቆለለ አሸዋ፣ ክዳኑ የሌለ ጉድጓድ ይጠብቅዎታል። ይህም ሚዛን መጠበቅን ያለማምዳል፤ በተለይ በክረምት።

በመጨረሻ፦ አንድ መልስ ይሸምድዱ

እስካሁን የመከርንዎት ሁሉ መደበቂያ ነው፤ ቱታው፣ ስልኩ፣ ሱቁ፣ አጀቡ። አንድ ቀን ግን ያለ ቱታ፣ ያለ ስልክ፣ ለብቻዎ መገኘትዎ አይቀርም። ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በእግር ቢሄዱት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ግን ጢም ብሏል፤ የታክሲው ሰልፍ ጥግ ዞሮ ጠፍቷል፤ መኪኖቹ ሞተራቸውን እያንኳኩ ቆመዋል። እርስዎ ሱፍ ልብስዎን እንደለበሱ፣ ቦርሳዎን እንደያዙ መሄድ ይጀምራሉ። ያ ወዳጅዎ ከተዘጋው መንገድ መሐል መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ! ኧረ በሞቴ፣ ምነው በእግርዎ?» ይላል።

አይቁሙ። ጤናም፣ ሐኪምም፣ የምገዛው ነገርም አይበሉ። ሰዓትዎን አየት አድርገው «ስለቸኮልኩ ነው» ይበሉትና ይለፉ። ቀጣዩ መብራት ላይ አይደርስብዎትም።